ቱሉ ዲምቱን በእግር ለመውጣት ካሰባችሁ መጀመሪያ ሌሊቶቹን ቁጠሩ

ጥያቄ፦ «ሰባት የሐዋሳ ልጆች ነን፤ አምስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ከሚያዝያ 23 እስከ 27 ባሉት ቀናት የባሌውን ተራራ ቱሉ ዲምቱን በእግር መውጣት አስበናል። ሌሊት 11 ሰዓት ከሐዋሳ ተነስተን ማታውን ሳነቴ አምባ ላይ ድንኳን እንጥላለን። በማግስቱ ጫፉ ላይ እንወጣለን። በሦስተኛው ቀን ሐዋሳ እንገባለን። ሁላችንም ስፖርተኞች ነን፤ ጠዋት ጠዋት ታቦር ተራራን እንወጣለን። አንዷ ጓደኛችን አስም አለባት። ከኖርዌይ የሚመጣ የአጎቴ ልጅም አብሮን ይሄዳል። እሱ እዚያ በጸደይ ወራት ከተራራ ተራራ በስኪ የሚጓዝ ሰው ነው። ባሌ በረዶ ካለ ስኪዬን ይዤ ልምጣ ይላል። ምን ትመክረናለህ?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ከኖርዌዩ ዘመድህ ልጀምር። ጥያቄው አስቆኛል፤ የማይረባ ጥያቄ ግን አይደለም።

ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። እኛ ቆርቆሮ እያንኳኳ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ኖርዌይ ሜዳውን ያለበሰውንም በአንድ ስም በረዶ እንለዋለን። «ባሌ በረዶ አለ» ሲባል ተናጋሪው ያሰበው ሌላ፣ ዘመድህ የሰማው ሌላ። ሳነቴ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ዝናብ ሲመጣም አንዳንዴ መሬቱ ነጭ እስኪሆን በረዶ ይወርዳል። ያኔ ፎቶ ትነሳለህ። ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ስትቆይ የሚቀርህ ጭቃ ነው። ለስኪ ግን ድንጋዩንና ቁጥቋጦውን የቀበረ፣ ለወራት የተጠራቀመ በረዶ ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ባሌም እንዲህ ያለ ነገር ነበረው። የሳነቴን ከፍታዎች የበረዶ ግግር ሸፍኗቸው ያውቃል፤ እየገፋ የከመረው ድንጋይ ዛሬም አለ። ይሄ ከሆነ ግን ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ አልፎታል። ዘመድህን ትንሽ ዘግይተሃል በለው።

ስኪና ኢትዮጵያ ጨርሶ አይተዋወቁም ማለቴም አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቶሪኖ ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የአገራችንን ባንዲራ ይዞ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። እሱም ቢሆን በረዶ የለመደው አሜሪካ ነው።

ስለዚህ ስኪውን እዚያው ይተወው፤ ልምዱን ግን ይዞ ይምጣ። በጸደይ ከተዘጋጀው መንሸራተቻ ወጥተው በዱር ተራራ ላይ የሚጓዙ ሰዎች ሰዓት አክባሪዎች ናቸው። ሳይወዱ በግድ ነው። በዚያ ወቅት በረዶው ሌሊት ይጠጥራል፣ ቀን ይላላል። ንጋት ላይ እንደ ድንጋይ ይረገጣል። ረፋድ ላይ ላዩ ለስለስ ሲል ለመውረድ ምቹ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ውሃ ይጠግብና ተዳፋቱ እንዳለ ናዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው በጨለማ ይነሳሉ። ወደ ኋላ እንዳያንሸራትታቸው ከስኪው ሥር ሻካራ ልባስ ይለጥፋሉ። የመመለሻ ሰዓታቸውን ከቤት ሳይወጡ ይቆርጣሉ። ሰዓቱ ከደረሰ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም ዞረው ይወርዳሉ። ሁሉም ናዳ የቀበረው ሰው የሚፈለግበት መሣሪያ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ ይይዛል። ናዳ ሥር የገባ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል ከከተማ የሚመጣ እርዳታ አይደርስለትም። አምቡላንሱ ጓደኛው ነው።

ሳነቴ ላይ የበረዶ ናዳ የለም። ሰዓቱና አምቡላንሱ ግን እኛንም ይመለከቱናል። እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ላይ ዘመድህ ከእናንተ አይሻልም። የኖርዌይ ከፍተኛው ተራራ ጋልድሆፒገን 2,469 ሜትር ነው። ጎባ ከተማ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ጎባ ላይ ቁርሱን ሲበላ ካገሩ ጣሪያ በላይ ተቀምጧል ማለት ነው። የቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ለእሱም እንግዳ ነው፤ በስኪ ጎበዝ መሆኑ እዚያ አይረዳውም።

አሁን ወደ እቅዳችሁ። በግልጽ ልንገርህ፣ አልወደድኩትም። ተራራው ስለከበዳችሁ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ ገመድ የሚፈልግ፣ ገደል ያለበት ተራራ አይደለም። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው፤ ሰፊና ክብ ጉብታ ነው። ጫፉ ድረስ መኪና የሚወጣበት መንገድ አለው፣ አናቱ ላይም አንቴና ቆሟል። ችግሩ የመጀመሪያው ሌሊታችሁ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እናንተ እዚያ ነቅታችሁ በዚያው ቀን 4,000 ሜትር ላይ ልትተኙ ነው። በአንድ ቀን 2,300 ሜትር! ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታህን በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አታስጨምር የሚለው የከፍታ ሕክምና ምክር ለተራ ሰው የወጣ ነው። እናንተም ተራ ሰው ናችሁ። ስፖርት መሥራት ሳንባና እግር ያጠነክራል እንጂ ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ስፖርተኛው ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ይታመማል።

ጫፉ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ከሐዋሳው ጋር አንድ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 4,377 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ይሆናል። በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ከሐዋሳው ከሩብ በላይ ያንሳል ማለት ነው። ሰውነት ይሄን ይለምዳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። አታላዩ ነገር ሕመሙ እዚያ እንደደረስክ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። ከሰዓት ደርሰህ ትስቃለህ፣ ትዘፍናለህ፣ ድንኳን ትተክላለህ። ሌሊት ግን ስትተኛ ትንፋሽህ ይዛባል፣ ያኔ ይይዝሃል።

ሰው ተራራ በማውጣት ሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የናንተን የመሰለ እቅድ እኔ ራሴ አውጥቼ አውቃለሁ። ቡድኑ ውስጥ ኳስ ተጫዋች የሆነ ልጅ ነበር፤ ቀን ላይ ሁላችንንም እየቀደመ ይስቅብን ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ አለ። እራቱን አልበላም። 5 ሰዓት ላይ ሽንት ልሸና ብሎ ወጣና ቆየብኝ። ባትሪ ይዤ ብወጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ይዟል። ማሰሪያውን ያየዋል፣ ጫፉን ያነሳዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። እንዴት እንደሚታሰር ጠፍቶበታል። ተነስ አልኩትና ተረከዝህን ከአውራ ጣትህ እያገናኘህ በቀጥታ መስመር ተራመድ አልኩት። በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ወደቀ። ሰክሮ አልነበረም። ይሄ የአንጎል እብጠት ምልክት ነው። መኪና አጠገባችን ስለነበረ በዚያ ጨለማ ወደ ጎባ አወረድነው፣ ከዚያም በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ጎባ መግቢያ ላይ ቀና ብሎ «የት ነው የምንሄደው? ርቦኛል» አለኝ። ምግብ መጠየቁ እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም። መኪናው በዚያ ምሽት ወደ ከተማ ሄዶ ቢሆን ኖሮስ? እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ስለዚህ እቅዱን ከጫፉ ጀምራችሁ አታውጡ። መጀመሪያ የት የት እንደምታድሩ ጻፉ፤ ጫፉ ከሌሊቶቹ መሃል ራሱ ቦታውን ያገኛል። ከፍ ብላችሁ ዋሉ፣ ዝቅ ብላችሁ እደሩ።

አምስት ቀን አላችሁ፤ በቂ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ሚያዝያ 23 ንጋት ላይ ከሐዋሳ ተነሱ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ምንም አያስፈልግም። በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጋችሁ ዲንሾ ትገባላችሁ። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ ያለበት ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መግቢያችሁን ክፈሉ፣ አስጎብኚ ያዙ፤ ያለ አስጎብኚ አትግቡ። ከዚያ በጥድና በኮሶው ጫካ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተዝናንታችሁ ተራመዱ። የደጋ አጋዘን የምታዩት እዚያ ነው፤ ብዙም አይሸሽም። ለአዳር በሮቤ በኩል ጎባ ውረዱ። የመጀመሪያው ሌሊት 2,700 ሜትር።

ሚያዝያ 24 በመኪና ሳነቴ ውጡ። ሦስት ወይ አራት ሰዓት ሜዳ ሜዳውን በቀስታ ሂዱ። ትንንሾቹን ሐይቆች እዩ፣ ቀይ ቀበሮ ፈልጉ፣ ምሳችሁን ብሉ። ሰማዩ ሲጠቁር ወደ ጎባ ተመለሱ። «ዛሬ ምንም አልሠራንም» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። የጉዞው ዋና ሥራ የተሠራው ግን በዚያ ቀን ነው። ማታ እራት ላይ እያንዳንዱን ሰው ጠይቁ፦ ራስ ምታት አለህ? ማቅለሽለሽ? ምግብ አስጠላህ? ማዞር? ራስ ምታት ላይ ከነዚህ አንዱ ከተጨመረበት ያ ሰው በማግስቱ አይወጣም። በእኛ አገር «ደህና ነኝ» ማለት ጨዋነት ስለሆነ መልሱን ብቻ አትመኑ፤ ሳህኑን እዩ።

ሚያዝያ 25 የጫፉ ቀን ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከጎባ ተነሱ። በዚያ ሰዓት የፓርኩ በር እንዲከፈትላችሁ ቀደም ብላችሁ በአስጎብኚው በኩል አስፈቅዱ። ጎህ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ላይ፣ ከመኪና ወርዳችሁ መራመድ ትጀምራላችሁ። የሰዓቱ ስሌት ቀላል ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ትይዛለህ፣ ሽቅብ ለምትወጣው ለየ600 ሜትሩ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምራለህ። 8 ኪሎ ሜትርና 400 ሜትር ሽቅብ ቢሆን ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። ይሄ ግን የቆላ ስሌት ነው። ለከፍታው እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያዙ። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አናቱ ላይ ናችሁ። የመመለሻ ሰዓታችሁ 5 ሰዓት ይሁን። ይሄን ማታውን ሁላችሁም ባላችሁበት ቁረጡት። 5 ሰዓት ሲል አንቴናው ቢታያችሁም፣ ሁለት መቶ እርምጃ ቢቀርም፣ ዙሩ። ዘመድህ ይሄን ከማንም በላይ ስለሚረዳ ሰዓት ጠባቂ አድርጉት። እንግዳ ስለሆነ አትጨቃጨቁትም።

ለአዳር በሌላው ጎን ወደ ሪራ መውረድ ትችላላችሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከሳነቴ ጠርዝ ወደ ሀረና ጫካ ይጥላችኋል። ከራቁቱ አምባ ተነስታችሁ ብዙም ሳትቆዩ ዛፉ ሽበት የመሰለ ነገር ለብሶ፣ ጉም እየተንጠባጠበ ታገኙታላችሁ። የሀረና ማርና የጫካ ቡና ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ድንኳን የግድ ካላችሁ እና 24 እና 25ን ማንም ሳይታመም ካለፋችሁ፣ የ25ን ሌሊት፣ ከ500 ሜትሩ ምክር እንደሚያልፍ እያወቃችሁ፣ መኪናው አጠገባችሁ ቆሞ ሳነቴ ላይ እደሩ። 26ን ባዶ ተዉት። ዝናብ ጫፉን ቢከለክላችሁ እሱ አለላችሁ። 27 ሐዋሳ።

ስለ ወቅቱ አትዋሹ፣ ለራሳችሁም ጭምር። ሚያዝያ በልግ ነው። ባሌን በደረቅ ማየት የሚፈልግ ከኅዳር እስከ ጥር ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የእናንተ ወቅት ብርዱ ቀለል ይላል፣ ዝናቡ ይበዛል። ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ይገለጣል፣ ደመናው ከቀትር በኋላ ይከመራል። የስኪ ሰዎቹ በጨለማ የሚነሱት የሚላላውን በረዶ ሽሽት ነው፤ እኛ መብረቁን ሽሽት። ሳነቴ ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው። ከጅብራ ቀጥሎ ረጅሙ ነገር አንተ ነህ። ብልጭታውን አይተህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠር፣ ለሦስት አካፍል፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥሃል። 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል፤ ወደ መኪናው ሂዱ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ መስኮት ዘግታችሁ መቀመጥ ከምንም ይሻላል። አንቴናው ሥር መጠለል የሚባል ነገር የለም።

ስለ ልብስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሐዋሳ ላይ ቆሞ ስለሚያስብ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሐዋሳ ቀትር ላይ 27 ዲግሪ ከሆነ በዚያው ሰዓት ጫፉ ላይ 10 ዲግሪ ብታገኝ ነው። ጠዋት ደግሞ 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ ቆዳህ የሚሰማው ዜሮ ነው። ጂንስ አትልበሱ። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀትህን ይጠጣል። ይሄ ለጋቢም ይሠራል። ጋቢ እወዳለሁ፣ ድንኳን ውስጥ ደረቅ ሆኖ ወደር የለውም። ዝናብ የጠገበ ጋቢ ለብሶ የሚሄድ ሰው ግን የተሸከመው ውሃ ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሰልባጅ ተራ ገብታችሁ የሱፍ ሹራብ፣ ፖላር ጃኬትና ውሃ የማያስገባ ካፖርት ብትፈልጉ አታጡም። ጓንት፣ ኮፍያ፣ ሁለት ትርፍ ካልሲ በፌስታል ተጠቅልሎ። ፀሐዩንም አትናቁት። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል። «እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም» ያለኝ ልጅ ለአንድ ሳምንት በተሰነጠቀ ከንፈር ሻይ በስትሮ ጠጥቷል።

ምግብ ላይ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ምስር ይዛችሁ አትውጡ። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል፣ ምስሩ ግን እንደ ጠጠር ነው። ፕሬዠር ድስት ካላችሁ ይሆናል፤ ማን ይሸከመዋል? ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው የማይበስለው ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ፋሲካ ካለፈ ጾም ስለማይኖር ጭኮ ግዙ። ገብስና ቅቤ ነው፤ ብርዱን የሚያውቁ ሰዎች የሠሩት ምግብ ስለሆነ በኪስ ይዘህ እየሄድክ ትበላዋለህ። ነገሩን ካነሳን አይቀር፣ እዚያው ባሌ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ ጥግ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ ሰዎች ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ይኖሩ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የሚበሉት ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ነበር። ምስር ሲቀቅሉ አልተገኙም።

ፍልፈሉ ዛሬም አለ፤ ከባሌ ሌላ የትም የለም። ለእናንተ ግን ጉዳዩ ጉድጓዱ ነው። ሜዳው የተቦረቦረ ነው፤ አፍጥጠህ ካልሄድክ ቁርጭምጭሚትህን ታጣለህ። ባለፈረሶቹ ራሳቸው እዚያ ጋ ፈረሱን እየጎተቱ በጥንቃቄ ነው የሚያልፉት። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ አዲስ ከሆነ ከአሁኑ ጀምራችሁ ታቦርና አላሙራ ላይ ከነሸክማችሁ አለማምዱት። ቀይ ቀበሮ ስታዩ ደግሞ ምግብ አትወርውሩ። በዓለም ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ውሻ ይዞ መሄድ የሚያስብ ካለ እርሱት፤ የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እሳትም በአስታ እንጨት አታንድዱ። ቦታው ከ2016 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ባይሆን እንኳ አስታው አንዴ ከተቆረጠ ቶሎ አይተካም። ትንሽ ቡታጋዝ ይበቃል።

አስም ያለባት ጓደኛችሁ፣ በሽታዋ በመድኃኒት የተያዘ ከሆነ መሄድ ትችላለች። ከፍታው በራሱ አስምን አያባብስም፤ የሚቀሰቅሰው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ነው። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ትሸፍን። የሚነፋውን መድኃኒት በቦርሳ ሳይሆን በውስጥ ኪሷ ትያዝ፤ ብርድ ላይ በደንብ አይሠራም። ከመሄዷ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ላለፈው አንድ ወር ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳት ከሆነ ዘንድሮ ይቅርባት።

ዲያሞክስ ስለሚባለው ኪኒን ሰው ይጠይቀኛል። ይሠራል። ብዙ ጊዜ ለመከላከል የሚታዘዘው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ግን ከጓደኛ ኪስ ተቀብላችሁ አትዋጡ፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው አለ። ጣት ይቆጠቁጣል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ አምቦ ውሃ ደግሞ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ጋዙ የወጣ ውሃ ያህል ይሆንብሃል። እቅዳችሁን ከቀየራችሁ ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ላይ ግን መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን አይኑር። ጫትም እንደዚያው። የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይዘጋል፤ ከዚያ የከፍታው ይሁን የጫቱ መለየት አትችሉም።

አሁን ያ አምቡላንስ። ኔትወርክ ይሠራል ብላችሁ አትመኩ። እንደ ስኪ ሰዎቹ ራሳችሁን የምታድኑት ራሳችሁ ናችሁ። ለከፍታ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው። ተቀምጦ የሚያለከልክ፣ የሚያስል፣ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው ሰው ካለ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። እናንተ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብዙ ተራራ ላይ የሌለ መንገድ አላችሁ። ስለዚህ ሾፌሩ ከቡድኑ ዋና ሰዎች አንዱ ነው። በእቅዱ ውስጥ አስገቡት፣ ከእናንተ ጋር ይብላ፣ ይተኛ፤ ምክንያቱም ሌሊት ሊነዳ ይችላል። ነዳጁን ሮቤ ወይ ጎባ ላይ ይሙላ። እናንተ ወደ ጫፉ ስትሄዱ ንቅንቅ እንዳይል፤ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ጎባ አዙሮ ያቁም። ጉም ቢወርድ እንድታገኙት ቦታውን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ አውርዱ። ስልኩ ሰውነታችሁ ጋ ይሁን፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ጸጥታ ሻሸመኔና ዶዶላ ላይ ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ። ደህና ካልሆነ ቱሉ ዲምቱ የትም አይሄድም።

ለዘመድህ አንድ መልእክት ረሳሁ። ስኪውን ይተወው እንጂ የሚደገፍባቸውን ሁለት ዘንጎች ግን ይዞ ይምጣ። ከጫፉ ሲወረድ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይሸሻል፣ ጉልበት የሚጮኸው ያኔ ነው። ትርፍ ካለው ላንተም አንድ ጥንድ ያምጣልህ።